ያለ አንድ ቤሳ

— ሄሎ! … አቤት! … ሄሎ፣ ማን ልበል? … ኮልፌ፣ አዎ ኮልፌ ነው፤ የመሸሻ እንጨት ቤት። … ከየት? … ከሆለታ? …

ስልኩን መሸሻ ቤት ያስገባው ጣውላ የሚገዛው ጣሊያን ነው፤ ለመሸሻ አስቦለት ሳይሆን ባሻው ሰዓት እንዲያዘው። ግድግዳው ላይ ከተሰቀለ ስምንት ወር አልፎታል። መሸሻ ግን እስካሁን ስልኩ በጮኸ ቁጥር አለቃ የገባበት ይመስል ብድግ ብሎ፣ ባርኔጣውን አውልቆ ነው የሚያነሳው። ዛሬ ደግሞ «ሆለታ» የሚለውን ሲሰማ ልቡ ድው አለ። ከሆለታ የሚደውልለት አንድ ሰው ብቻ ነው፤ ሸሪኩ ዳባ።

— ዳባ! … አካም ጅርታ! … ፈያ፣ ፈያ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። … ቆይ አንዴ፣ አልሰማህም። … ነገሬ! ኧረ መጋዙን አቁሙት እስቲ፣ ስልክ ላይ ነኝ! … ሀምዱ፣ አንተም ልቀቀው! … እሺ ዳባ፣ አሁን ሰማሁህ። ቀጥል።

ነገሬና ሀምዱ፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ግንድ የሚሰነጥቁበትን ትልቁን መጋዝ እንጨቱ ውስጥ እንደተሰካ ትተው፣ ላባቸውን እየጠረጉ አረፍ አሉ። ግቢው ጸጥ አለ።

— ሰርኬ? … ደህና ናት። ልጁም ደህና ነው፤ ይጠባል፣ ያለቅሳል፣ ይተኛል፣ ሌላ ምን ሥራ አለው። … አዎ፣ ነገ አርባው ነው። … ጠዋት፣ አዎ፣ በማለዳ። … በካሚዮን? ዛሬውኑ? … እ… አይ፣ ምንም አላልኩም። … በግ? ኧረ ዳባ፣ እዚህ በግ ጠፋ ተብሎ ነው? … ጉዲቱ ናት የላከችው። … ቅቤም? … ለልጁ አናት። … እግዜር ይስጥልኝ በላት። … ቀሚሱንም አሰፋህ? … አዎ፣ ነጭ ነው የሚሆነው። … ነጭ ነው።

መሸሻ ግንባሩን በእጁ ጀርባ ጠረገ። ቀኑን ሙሉ መጋዝ ሲስብ የዋለው ነገሬ እንኳ እንደዚያ አላላበውም።

ዳባ የሆለታ ሰው ነው። እሱ እዚያ ጥዱንና ባሕር ዛፉን ያስቆርጣል፣ መሸሻ እዚህ ሰንጥቆ ይሸጣል፤ አብረው ሲሠሩ ስድስት ዓመታቸው ነው። ግን ሸሪክ ብቻ አይደሉም። በዚያ በየካቲቱ እልቂት ከተማው ሲነድ፣ የመሸሻን ሚስት ሰርኬን ቅጠል አሸክሞ ከእንጨት ለቃሚ ሴቶች ጋር አደባልቆ በኬላው ያሳለፋት፣ ሁለት ወር ሙሉም ሚስቱ ጉዲቱ ጓዳ አስቀምጦ ያቆያት ዳባ ነው። ያን ጊዜ መሸሻ የዳባን ጉልበት ይዞ፣ «ወንድ ልጅ ከወለድኩ ክርስትና የምታነሳው አንተ ነህ፤ ሌላ ሰው ብፈልግ አይደግልኝ!» አለ። ማንም አልጠየቀውም፤ ራሱ ነው የማለው። እነሆ ወንድ ልጅ ተወለደ፣ አርባ ቀኑም ነገ ነው። ልጁን የሚያነሳው ግን ዳባ አይደለም። ይህን የሚያውቁት ደግሞ መሸሻና አንድ ሌላ ሰው ብቻ ናቸው።

— ዳባ፣ ስማኝማ… መንገዱ ጥሩ አይደለም ይላሉ። … አይ፣ አትምጣ ማለቴ አይደለም! … ዝናብ አለ እናንተ ጋ? … በጥር፣ እውነትህን ነው፣ ምን ዝናብ አለ። … እንግዲህ አቧራ ነዋ። … ቤቱም ጠበብ ይላል፣ የሰርኬ ዘመዶች ከገጠር ገብተው… አይ፣ ቦታማ አለ፣ ላንተ ቦታ ይጠፋል! … ዳባ፣ አበልጄ አትበለኝ። … አይ፣ ገና ነገ ነው ለማለት ነው እንጂ። … ሳቅ አንተ፣ ሳቅ።

ስልከኛዋ መሀል ገባች።

— አቤት? … አልጨረስንም እመቤቴ፣ ገና ነን፤ አይቁረጡብን።

አፉ እንዲህ አለ እንጂ ብትቆርጥበት ደስታውን አይችለውም ነበር። እመቤቲቱ ግን ያን ቀን ቸር ሆና ዋለች።

— አዎ፣ አለሁ። … እንጨቱ? … እሱንማ ልነግርህ ነበር። … ወጣ። … የይለፍ ወረቀቱ ነዋ! ወጣ! … ትናንት ነው ያመጣልኝ። … ማኅተም አለው፣ የካፒቴኑ ፊርማ አለው፣ ያንተም የኔም ስም አለበት። … ከነገ ወዲያ ታስጭናለህ፤ ኬላው ላይ ማንም አያቆምህም። … ምን? … እ… አዎ። … ያለ አንድ ቤሳ። … አዎ አልኩህ እኮ፣ ያለ አንድ ቤሳ!

ከመስከረም ጀምሮ የዳባ ግንድ ኬላው አጠገብ ተቆልሎ ፀሐይ ሲሰነጥቀው ነበር የከረመው። ወረቀቱን የሚፈርመው ጣሊያኑ ካፒቴን ነው። ካፒቴኑ ፊት የሚያቀርበው ግን አስተርጓሚው አቶ ወርቅአፈራሁ ነው፤ እጅ መንሻ ያልቀደመው ማመልከቻ ደግሞ ከወርቅአፈራሁ ኪስ ወጥቶ አያውቅም። ሌሎቹ ነጋዴዎች ሰጡ፣ አለፉ። ዳባ ግን «አንድ ቤሳ አልሰጥም፣ እንጨቴ እዚያው ይበስብስ!» ብሎ ድርቅ አለ። ዛሬ ለወረቀት ከሰጠን ነገ ለመተንፈስም እንሰጣለን ብሎ፣ መሸሻንም ገንዘብ ላይሰጥ አስማለው። መሸሻ ማለ። መሸሻ መማል አይከብደውም።

— ኧረ ዳባ፣ ለሰው አታውራ! … ማን አለ እዚያ? … ስልክ ቤቱ ሙሉ ሰው? … ምን ብለህ ነው የነገርካቸው? … «የኛ ያለ ጉቦ ወጣ»? … ኧረ ተው። … በማርያም ይዤሃለሁ፣ ተው ዳባ! … ምን፣ አጨበጨቡ?

መሸሻ ዓይኑን ጨፈነ። እንደዚያ ያለ ጭብጨባ ለጠላትም አይስጥ።

— እንዴት ሆኖ ነው? … እሱማ… ሰውዬው መጣ። … ወርቅአፈራሁ ነዋ። … እዚህ፣ ኮልፌ፣ ግቢዬ ድረስ። … ዛሬ ስምንት ቀኑ። … አይ፣ አልጠየቀም። እውነቴን ነው፣ ገንዘብ አልጠየቀም። … ቁጭ አለ። ውሃ ስጡኝ አለ፣ ሰጠሁት። … ከዚያ ልጁ አለቀሰ። … ከውስጥ፣ አዎ። … ልጁ አለቀሰና… ዳባ፣ አንዴ ቆየኝ።

አንገቱን በመስኮት አወጣ። ነገሬና ሀምዱ ግንዱ ላይ ተቀምጠው ጆሯቸውን አቁመዋል።

— ነገሬ! ምን ታያላችሁ? መጋዙን ቀጥሉ እንጂ! … አዎ፣ አሁን! … ደህና አድርጋችሁ ሳቡት፣ ድምፁ ይሰማ!

እነሱም ትእዛዝ ነው ብለው ሳቡት። ድምፁ ግቢውን ሞላው። መሸሻ የልቡን ሊናገር የመጋዝ መጋረጃ አስፈለገው።

ያን ቀን ወርቅአፈራሁ የመጣው የእንጨት ቤቱን ለማየት ብሎ ነበር። ልጅ የለውም። ሰፈሩ ውስጥ ሁሉም ባርኔጣ ያነሳለታል፣ ቤቱ ገብቶ የሚበላ ግን የለም፤ ልቅሶ ቤት ሲገባ እንኳ ሰው ቦታ ይለቅለታል እንጂ አጠገቡ አይቀመጥም። የሕፃኑን ልቅሶ ሲሰማ የያዘውን ጽዋ አስቀመጠና፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ገንዘብ አልፈልግም። እኔ ላንሳው። የክርስትና ልጅ ይኑረኝ፣ እንደ ሰው ግቢያችሁ ልግባ፤ ወረቀቱን በእጄ አመጣልሃለሁ» አለ። እውነቱን ለመናገር፣ መሸሻን ያን ጊዜ ሰውዬው አሳዝኖታል። ግን እሺ ያሰኘው ኀዘኔታው አልነበረም። ገንዘብ ላልሰጥ ነው የማልኩት፣ ገንዘብ አልሰጠሁም ብሎ ለራሱ ፈረደ። ብልጥ የሆነ መሰለው። ሰውዬው ከሄደ በኋላ ነው ያ ሌላው መሐላው፣ «አይደግልኝ» ያለው፣ ትዝ ያለው። ከዚያ ወዲህ ልጁ ባስነጠሰ ቁጥር ክው ይላል፤ ሰርኬ ሳታየው እየሄደ እስትንፋሱን ያዳምጣል።

— ዳባ፣ ትሰማኛለህ? … መጋዙ ነው። … ክርስትናውን አልኩህ። … ክርስትናውን! … እሱ ነው የሚያነሳው! … ልጁን ነዋ! … አልሰማህም? … ልጁን የሚያነሳው ወርቅአፈራሁ ነው! … ወርቅአፈራሁ ነው አልኩህ፣ ወርቅአፈራሁ ነው ልጄን ክርስትና የሚያነሳው!

ለካ ግንዱ ተሰንጥቆ አልቋል፤ መጋዙ ቆሟል። የመጨረሻው ጩኸት ወፍ በማይሰማበት ግቢ ውስጥ ወጣ። ሀምዱ አቀረቀረ። ነገሬ እንደማይሰማ ሰው የመጋዙን ጥርስ አንድ በአንድ ማየት ጀመረ።

— ሄሎ? … ዳባ? … ሄሎ! … አለህ? … ካለህ ተናገራ። …

መስመሩ ውስጥ የሚሰማው የሽቦው ሽውታ ብቻ ነበር። ጭብጨባው ቆሟል።

— አዎ። … አይ፣ ትናንት አይደለም፤ እሺ ያልኩት የዛሬ ስምንት ቀን ነው። … ልነግርህ ነበር። … ልደውልልህ እያልኩ… አዎ፣ ስልኩ እዚሁ ነው። … አዎ፣ ስምንቱንም ቀን እዚሁ ነበር።

— ግን ገንዘብ አልሰጠሁም እኮ ዳባ! የተማማልነው ገንዘብ ላንሰጥ ነው። አንድ ቤሳ ከእጄ አልወጣችም፤ ቃሌን አላጠፍኩም። … እ? … ምን አልክ? … ድገምልኝ። … «የከፈልኩት እኔ ነኝ» አልክ? … አንተ እንዴት… አንተ እኮ ምንም አልሰጠ… …

— አዎ። … አዎ። ያንተን ቦታ ነው የሰጠሁት። … ሳልጠይቅህ፣ አዎ። … ልጁንም። እሱም እውነት ነው፣ ልጄንም ሰጥቻለሁ።

ወረቀቱ ከፊቱ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ ነበር፤ ማኅተሙ ያብለጨልጫል። መሸሻ ዳባ አሁን ምን እንደሚጠብቅ ያውቃል። «እመልሰዋለሁ» የሚለውን ቃል ነበር የሚጠብቀው። «ወረቀቱን ዛሬውኑ እመልስለታለሁ፣ አንተ ካሚዮኑን ያዝና ና» ቢለው ሁሉም ነገር ያን ጊዜ ያበቃ ነበር። አፉን ከፈተ። በመስኮቱ ሲያይ ግቢው ውስጥ የቀረ ግንድ አልነበረም፤ አሁን የተሰነጠቀው የመጨረሻው ነው። አፉን ዘጋው። እንደገና ሲከፍተው የወጣው ሌላ ነገር ነበር።

— ነገሬና ሀምዱ እኮ ከመስከረም ወዲህ ግማሽ ደመወዝ ነው የሚበሉት። … ሰርኬም አራስ ናት፣ በቅጡ መብላት አለባት። … አንተስ ብትሆን ስንቱን ቆራጭ በትነሃል። … አውቃለሁ። … ምክንያት እንደማይሆን አውቃለሁ። … እንዴ? አቶ መሸሻ? … ዳባ፣ «አቶ» አልከኝ? … ከምትለኝ ስደበኝ። ኧረ ስደበኝ በናትህ፣ እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ አታናግረኝ!

ዳባ አልተሳደበም። ሌላ ነገር ጠየቀ፤ መሸሻ ስምንት ቀን ሙሉ የሸሸውን።

— ሰርኬ? … አይ። … አልነገርኳትም። … አታውቅም፤ አንተ ነህ የምትመስላት። … «የዳባ ልጅ» እያለች ነው የምታጠባው። … ነገ ቤተ ክርስቲያን ስትደርስ ታያለች እንግዲህ። … ምን ልበላት? ቸገረኝ እኮ ዳባ! ሰባት ጊዜ ልነግራት ተነስቼ ሰባት ጊዜ ስለ ሌላ ነገር አውርቼ ተመለስኩ። … ምን? … ማን አሞት? … አንተ? … ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ? … እ። … እ… አይ። … አይ ዳባ፣ ይሄንንስ አላደርግም።

— አሞት ቀረ ልበላት? … ሰው ጠፍቶ ነው ያንን ሰውዬ ያቆምነው ልበላት? … አንተ በሽተኛ፣ እኔ ጨዋ! … አይሆንም። … ለኔ ብለህ አይደለም፣ ገብቶኛል። … ለእሷ። … ሰው ፊት እንዳታለቅስ፣ አዎ። … አራስ ናት፣ አውቃለሁ። … አውቃለሁ፣ ድንጋጤ ወተት ያደርቃል። … ግን አንተ ምን በደልክ? … አይሆንም ዳባ… ቆይ እስቲ…

«አይሆንም» የሚለው ቃል በተደጋገመ ቁጥር እየሳሳ ሄደ። መሸሻ ደረቱ ውስጥ እንደ እፎይታ ያለ ነገር ሽው ሲል ተሰማው። በሕይወቱ ራሱን እንደዚያች ቅጽበት ጠልቶ አያውቅም፤ እፎይታው ግን እንደዚያም ሆኖ አልጠፋም።

በሩ ተከፈተ። ሰርኬ ናት። ባሏ ሲጮህ ሰምታ፣ ራሷን በነጠላ ጠምጥማ፣ ልጁን ታቅፋ ግቢውን አቋርጣ መጥታለች። ጩኸቱን እንጂ ቃሉን እንዳልሰማች ከፊቷ ያስታውቃል፤ ፈገግ ብላ በዓይኗ ጠየቀችው።

— ሰርኬ! ምን ልትሠሪ ወጣሽ፣ ንፋስ አለ! … እ? … ዳባ ነው። … አዎ፣ ከሆለታ።

መሸሻ ሚስቱን አየ፣ ልጁን አየ። ልጁ ተኝቷል፤ ከንፈሩ ላይ ወተት ደርቋል። እጀታውን ከጆሮው ሳያነሳ፣ ዳባ እየሰማው ተናገረ።

— ዳባ… አሞታል። … ደረቱን ነው። … ከትናንት ጀምሮ። … ነገ አይችልም፣ መንገዱን አይችለውም። … ምን እናድርግ፣ አርባው አይታለፍ። … ያ አስተርጓሚው ልቁም ብሎኛል፣ ለጊዜው እሱ ይቁም እንጂ።

ውሸቱ ሳይደናቀፍ መውጣቱ ራሱን መሸሻን ገረመው። ዳባ ያቀበለው «አሞኛል» የሚለውን ብቻ ነበር፤ ደረቱንም፣ ትናንትንም፣ «ለጊዜው»ንም የጨመረው እሱ ነው።

ሰርኬ ክው አለች። ስለ አስተርጓሚው አንድ ቃል አልተናገረችም፤ የሰማችው «ደረቱን» የሚለውን ብቻ ነው። ልጁን ባሏ ክንድ ላይ ጣል አድርጋ እጀታውን ነጠቀችው፤ ዳባን ሴት ለወንድሟ የምትለውን ሁሉ አለችው። ጤና አዳም እንዲያፈሉለት፣ ጀርባውን በቅቤ እንዲያሹት፣ ካልተሻለው ጉዲቱ ሰው ትላክባትና ሰርኬ ራሷ ልጇን አዝላ እንድትመጣ። ልጁ የእሱ መሆኑን፣ ማንም ቢያነሳው የእሱ መሆኑን ደጋግማ ነገረችው። ከዚያ አዳመጠች። መሸሻ ልጁን ታቅፎ ወለሉን ያይ ነበር፤ ልጁ ይህን ያህል ከብዶት አያውቅም።

ሰርኬ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ እጀታውን መለሰችለት። ሳሉ መናገር ከለከለው እኮ፣ አለችው፤ እንዲህ ታሞ ሳለ ለኛ ብሎ ስልክ ቤት ድረስ መሄዱ! ልጁን ተቀብላ፣ በሩን ቀስ አድርጋ ዘግታ ወጣች።

— ዳባ? … እኔ ነኝ። … ሄዳለች። … ሰማኸኝ? ወጥታለች፣ በሩንም ዘግታለች። … አምናለች፤ በቃ፣ አሁን አታስል። … ዳባ፣ ማንም የለም፣ እኔ ብቻ ነኝ የምሰማህ። … ተው እንግዲህ፣ አታስል…

እጀታውን ጆሮው ላይ አጥብቆ አዳመጠ። ሳል አልነበረም። ዳባ እያለቀሰ ነበር።

መሸሻ እጀታውን መልሶ ሰቀለው።